የሶሪያሲስ ሕክምና «የውበት አገልግሎት» ተብሎ ስለመከልከሉ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለመድን ድርጅቱ የሕክምና ካሳ ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የተከለከለው የካሳ ጥያቄዬ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

በመሥሪያ ቤቴ በኩል በድርጅታችሁ የቡድን የሕክምና መድን የታቀፍኩ ስሆን፣ ባለፉት ሦስት ወራት ለሶሪያሲስ ሕመሜ ያወጣሁት ወጪ እንዲተካልኝ የሐኪም ማስረጃና ደረሰኞች አያይዤ አመልክቼ ነበር። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ የተሰጠኝ መልስ ግን «ሕክምናው የቆዳ ውበትን ለመጠበቅ የሚሰጥ በመሆኑ በውሉ አይሸፈንም» የሚል ነው።

ሶሪያሲስ የሚታየው ቆዳ ላይ ይሁን እንጂ መነሻው ከዚያ የጠለቀ ነው። ሰውነትን ሊጠብቅ የሚገባው የመከላከያ ሥርዓት ሥራውን ስቶ የቆዳ ሴሎች ያለልክ እንዲራቡ ስለሚያደርግ፣ በጤነኛ ሰው አንድ ወር ያህል የሚወስደው የቆዳ መታደስ በጥቂት ቀናት ያልቅና ያልበሰለው ሴል እርስ በርሱ ተደራርቦ ብርማ ቅርፊት ይሠራል። እንደ እኔ ባለ ጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ ከሌላ ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ እኔም ምንነቱ እስኪታወቅ ሁለት ዓመት ሙሉ የጭርት ቅባት ስቀባ ኖሬያለሁ።

ሐኪሜ ክኒን ያዘዙልኝ ክርኔ እንዲያምር አይደለም። ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ አብጠውና ደርቀው የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ስለሚያቅተኝ፣ እስኪፍታቱ ድረስ ለብ ባለ ውሃ እነክራቸዋለሁ፤ ጥፍሮቼም በመርፌ ጫፍ የተወጉ ይመስል ተበሳስተዋል። ሕመሙ እንዲህ ወደ መገጣጠሚያ ሲዘልቅ በወቅቱ ካልታከመ አጥንት ጎድቶ ጣትን ለዘለቄታው ሊያጣምም ይችላል። የምወስደው ሜቶትሬክሴት ባለ 2.5 ሚሊግራም 6 ፍሬ ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚዋጥ ነው፤ በስህተት በየቀኑ የወሰደ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ጉበትንና የደም ሴሎችን ሊጎዳ ስለሚችልም በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል። የሚገርመው፣ ድርጅታችሁ የዚህን የደም ምርመራ ወጪ ያለአንዳች ጥያቄ ተክቶልኛል። መድኃኒቱን ባልወስድ ምርመራው ባላስፈለገኝ ነበር፤ ታዲያ ምርመራውን ሕክምና፣ መድኃኒቱን ውበት ያሰኘው ምን እንደሆነ ከደብዳቤያችሁ ልረዳ አልቻልኩም።

በስልክ ስጠይቅ ደግሞ «የማይድን ስለሆነ ወጪው ማለቂያ የለውም» ተብያለሁ። ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እንዳልተገኘለት አላጣሁትም። ስኳርና ደም ግፊትም እንደዚሁ ናቸው፤ የክትትል ወጪያቸውን ግን ትሸፍናላችሁ። የዓለም ጤና ጉባኤ ግንቦት 2006 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ሶሪያሲስን ሥር የሰደደ፣ የማይተላለፍ፣ የሚያሳምምና አካል ጉዳት የሚያስከትል በሽታ ብሎ ተቀብሎታል።

«የማይተላለፍ» የሚለውን ቃል ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። ማመልከቻዬን በአካል ባስገባሁ ዕለት፣ ለመፈረም የተዋስኩትን እስክሪብቶ ስመልስ የመስኮቱ ሠራተኛ እጄን አይተው «ይያዙት፣ ለእርስዎ ይሁን» አሉኝ። ከኋላዬ ለተሰለፉት ሰው ከመሳቢያ ሌላ አውጥተው ሰጧቸው፤ ፈርመው ሲጨርሱ ግን ተቀበሏቸው። ሶሪያሲስ በመጨባበጥም ሆነ በዕቃ አይተላለፍም። ሠራተኛዋ እንዲቀጡ አልፈልግም፤ ሆኖም የታማሚ ፋይል የሚቀበል ሰው ይህን ያህል ሊያውቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ፋይሌ በቆዳ ሐኪም ታይቶ የመድኃኒቱና የሐኪም ክፍያው እንዲተካልኝ፣ ካልሆነም ክልከላው በውሉ የትኛው አንቀጽ ላይ እንደተመሠረተ በ15 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን የመድን ሥራን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለማቅረብ እገደዳለሁ።

የደረሰኞቹና የሐኪም ማስረጃው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። እስክሪብቶውንም በዚሁ ፖስታ መልሻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ)

ግልባጭ፦ ለመሥሪያ ቤቴ የሰው ሀብት አስተዳደር