ኬሚስትሪ ገና አላለቀም፦ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ባሕር ዳር ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ወደ ጉዳዬ ልግባ። ተማሪዎቻችን ኬሚስትሪን ድሮ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አድርገው ነው የሚያዩት። ቦይል፣ ዳልተን፣ አቮጋድሮ እያሉ ይሸመድዳሉ፤ ዛሬም አዲስ ነገር እየተገኘ መሆኑን ግን የሚነግራቸው የለም። እኛም ፖርሽን ለመጨረስ ስንሯሯጥ ዓመቱ ያልቃል።

ለምሳሌ የ2025 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤልን ውሰዱ። ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ ናቸው የተሸለሙት። የሜታል አዮኖችን ካርቦን ባላቸው ሞለኪውሎች እያያያዙ፣ ውስጡ በባዶ ክፍሎች የተሞላ ክሪስታል መሥራት የቻሉ ሰዎች ናቸው። ጋዝ ያጠራቅማል፣ ከበረሃ አየር እንኳ ውሃ ይሰበስባል።

እኔን የያዘኝ ግን የሮብሰን ነገር ነው። በ1974 ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ለተማሪዎች የአተም ሞዴል የሚሆኑ የእንጨት ኳሶችን ማዘጋጀት ነበረበት። ኳሶቹን የሚያያይዙት ዘንጎች እንዲገቡ ኳሶቹ መበሳት አለባቸው፣ ደግሞ በዘፈቀደ አይደለም፤ ካርቦን ከሆነ አራት ቀዳዳ፣ እሱም በትክክለኛው አንግል። ኳሶቹን ሲገጣጥም ቀዳዳዎቹ ያሉበት ቦታ ራሱ የሞለኪውሉን ቅርጽ እንደሚወስን አስተዋለ። ታዲያ በእውነተኛ አተሞችስ እንዲህ መገንባት ቢቻል? ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በአራት አቅጣጫ መያያዝ በሚወደው የኮፐር አዮን ሞከረው፣ ውጤቱንም በ1989 አሳተመ።

ኖቤል ድረስ የሄደው ሐሳብ የተነሣው ከትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው! ይህን እኛም ክፍል ውስጥ በጭቃ ኳስና በስንጥር ማሳየት እንችላለን። አንግሉ ከተሳተ አልገጥም ይላል፣ ልጆቹም በእጃቸው ያዩታል። ኮኦርዲኔት ኮቫለንት ቦንድ (ሁለቱንም ኤሌክትሮኖች አንዱ ወገን ብቻ የሚሰጥበት ትስስር) ያን ቀን ይገባቸዋል። ያጊ ደግሞ አማን ውስጥ፣ መብራት በሌለው አንድ ክፍል ከብዙ እህት ወንድሞቹ ጋር ያደገ ሰው መሆኑን ጣና ላይ ያለችው የደቅ ደሴት ልጅ ቢሰማ እንዴት ደስ ይለኛል።

ቅርባችንም ምሳሌ ሞልቷል። እምቦጭ ጣና ላይ እንዲህ የሚስፋፋው ከእርሻና ከከተማ ፍሳሽ የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ስለሚመግበው ነው፤ ይህም ኬሚስትሪ ነው።

የምጠይቀው በወር አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ቢሮው ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህራን ጋር ሆኖ በየወሩ ሁለት ገጽ ያዘጋጅልን፦ አንድ አዲስ ግኝት፣ የሚገናኝበት ምዕራፍ፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራ አንድ ነገር። ኢንተርኔት የማያገኙ ትምህርት ቤቶች ስላሉ በወረቀት ታትሞ ይላክ። ሞዴል ፈተና ላይም አንድ ጥያቄ ይውጣበት፤ ተማሪ ፈተና ላይ የማይመጣውን ነገር እንደማይሰማ እናንተም ታውቃላችሁ።

ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ጊዜ ይህ ቅንጦት ነው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፣ የተዘጉት መከፈታቸውም ይቅደም። ነገር ግን ዛሬ ክፍል ውስጥ ያለው ልጅ ኬሚስትሪ ገና እንዳላለቀ ሳያይ መመረቅ የለበትም።

የመጀመሪያውን ሁለት ገጽ፣ ስለ ሮብሰን ኳሶች፣ እኔ ጽፌ አመጣለሁ። ለየትኛው ክፍል እንደማስረክብ ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ባሕር ዳር