ለብስክሌት ተጓዥ አባሎቻችን፦ ስለ እንግሊዙ ጉዞ ዝግጅት

የተከበራችሁ አባላት፣

በሰሜን እንግሊዝ ከኋይትሄቨን ተነስቶ ሰንደርላንድ የሚደርሰውን፣ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ከባሕር እስከ ባሕር መንገድ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንጓዘዋለን፤ በዚያ አገር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላ ይደግፈናል። የሃርትሳይድ አቀበት ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 580 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ከ1,700 ሜትር በላይ በምትገኘው ጅማ ለኖርን ሰዎች የአየሩ መሳሳት አያሰጋንም። እኔን በብርቱ የሚያሳስበኝ ዛፍ በሌለው ረግረጋማ ደጋ ላይ የሚያገኘን ብርድ ያዘለ ዝናብ ነው፤ በክረምት የአጋሮን መንገድ የሄዳችሁ፣ የረጠበ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ልምምዱን በዝናብም ቢሆን እንዳናቋርጥ፣ እያንዳንዱ አባልም ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ ትርፍ ከመነዳሪና የፍሬን ጎማ እንዲያዘጋጅ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው የአጋሮ ደርሶ መልስ ልምምድ በመጪው እሑድ ማለዳ 12 ሰዓት ይጀመራል።