ቀለም ስለተጋባባቸው ልብሶች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

የመስቀልና የኢሬቻ ሰሞን ሲያልፍ ወደ እኛ በሚመጡ የባህል ልብሶች ላይ ደጋግመን የምናየው አንድ ችግር አለ፤ ጥለቱ ቀይ ወይም ጥቁር ቀለሙን ይለቅና ነጩ ሸማ ላይ ይጋባል። ከእነዚህ ልብሶች ብዙዎቹ ይድናሉ። የማይድኑት በአብዛኛው ቀለሙ ከተጋባባቸው በኋላ ፀሐይ ላይ የተሰጡ፣ ካውያ የነካቸው ወይም በረኪና ውስጥ የተነከሩ ናቸው። ስለዚህ ልብሱ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ቤት ውስጥ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በዝርዝር ልንነግራችሁ ወደድን።

ከሁሉ በፊት ቀለም የተጋባበትን ልብስ አታስጡት። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ቀለሙ ክሩን አጥብቆ አልያዘም፤ በውሃና በሳሙና መልሶ ይወጣል። ውሃው ሲተን ግን ከጥጡ ጋር ይጣበቃል፤ ካውያ ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። በአዳማ ፀሐይና ነፋስ ስስ ነጠላ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም፤ «ሲደርቅ ይለቅ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ ያለውን ዕድል ማባከን ነው።

ልብሱን ወዲያው ከሌሎቹ ለዩት። ትልቅ ሳፋ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፤ ልብሱን ሳታሹ ለአምስት ደቂቃ ያህል ውሃው ውስጥ አንቀሳቅሱት። ውሃው ሲቀላ ድፉትና በአዲስ ውሃ ድገሙት። ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል። እየጠመዘዛችሁ አትጭመቁት፤ ጥለቱን ከነጩ ጋር የምታጣብቁት ያኔ ነው። ነጭ ፎጣ ወይም አሮጌ አንሶላ ላይ ዘርግታችሁ፣ ጥለቱ ነጩን እንዳይነካ በመሃል ጨርቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉትና እርጥቡን አምጡልን።

ውሃ መቆጠብ ግድ በሆነበት ሰሞን፣ በጀሪካን የተቀዳች አንድ ሳፋ ውሃ ላይ ነጩም ጥለቱም ጂንሱም ተራ በተራ ሲታጠብ እናያለን። ጭንቀቱ ይገባናል፤ ነገር ግን ከጥለቱ የወጣው ቀለም በትንሽ ውሃ ውስጥ ሲወፍር ተመልሶ ነጩ ላይ ያርፋል። ለአንድ የሀበሻ ቀሚስ ቢያንስ ሃያ ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ተጠቀሙ። የማለቅለቂያውን ውሃ ለወለል ማጽጃ ብታውሉት ብክነት የለውም። ባለ ጥለት ልብስ ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ግን ጨርሶ አይመከርም።

ጥለቱ ለምን ይለቃል? ጥጥ ከሚቀለምባቸው ቀለሞች አንዳንዶቹ ክሩ ላይ የሚቆዩት በደካማ መሳሳብ ብቻ ነው፤ ሙቅ ውሃ ሲያገኙ ይወጣሉ። ከክሩ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰሩት ጠንካራዎቹም ቢሆኑ ሲቀለሙ ከፊሉ ሳይተሳሰር ይቀራል፤ ፋብሪካው በሚገባ አጥቦ ካላወጣው እናንተ ሳፋ ውስጥ ይወጣል። ደማቅ ቀይና ጥቁር ብዙ ቀለም ስለሚጠጡ የሚተርፈውም ብዙ ነው።

ስለ ጨውና ኮምጣጤ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጨው በማቅለሚያ ፋብሪካ የሚጨመረው ቀለሙ ከውሃው ወጥቶ ወደ ጥጡ እንዲገባ ለመግፋት ነው። ቀለም በለቀቀ ውሃ ውስጥ ጨው ስትጨምሩም የሚሆነው ያው ነው፤ ነጩ ቀለሙን ይጠጣል። ኮምጣጤ የሚረዳው ለሱፍ፣ ለሐርና ለናይለን በሚውሉ አንዳንድ ቀለሞች ላይ ነው፤ የጥጥ ቀለም አያጸናም። ሁለቱንም ተዉአቸው።

ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ የጥጥ ልብስ፣ ለምሳሌ አንሶላ፣ ሸሚዝ ወይም ጥለት የሌለው ጋቢ፣ ቤት ውስጥ ሊጸዳ ይችላል። ክሎሪን የሌለውን የማንጫ ዱቄት (ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበትን) ፈልጉ። በአምስት ሊትር እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ ማለትም 40 ዲግሪ አካባቢ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ሟሙቶ እስኪያልቅ አማስሉና ልብሱን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ዘፍዝፉት። ዕቃውን አትክደኑት፤ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። ሱፍና ሐር እዚህ ውስጥ አይገቡም፣ ክራቸው ይጎዳል።

በረኪና የምንፈቅደው ለንጹሕ ነጭ ጥጥ ብቻ ነው፤ እሱም በመጨረሻ። ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አሥር ሚሊ ሊትር፣ ከአሥር ደቂቃ ሳያልፍ፤ ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ። ላስቲክ ያለውን ልብስ ይበላል፣ ሐርና ሱፍን ቢጫ አድርጎ ያበላሻል፣ ጥለቱን ያጠፋል። አንዳንዱን የተጋባ ቀለም ደግሞ ወደማይለቅ ቢጫ ይቀይረዋል፤ ያኔ እኛም ብዙ ልናደርግለት አንችልም። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አታደባልቁ፤ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ጥለት ላለው ልብስ ከፋርማሲ የሚገዛ 3 ከመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሻላል። መጀመሪያ በጥለቱ ጀርባ በማይታይ ቦታ ጥቂት ጠብታ አድርጋችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በነጭ ሶፍት ተጫኑት፤ ሶፍቱ ቀለም ከያዘ ወይም ጥለቱ ከገረጣ አቁሙ። ካልሆነ፣ ከነጩ ሥር የታጠፈ ፎጣ አድርጉና በጥጥ እየነከራችሁ ቀለም የነካውን ብቻ ንኩ፤ እጃችሁ ከጥለቱ እየራቀ ይሂድ። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ እንዳይደርቅ እየተከታተላችሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና ድገሙት። ወርቀዘቦ ያለበትን ግን እባካችሁ ለእኛ ተዉት፤ ብረታማው ክር በኬሚካል ይጠቁራል።

እኛ ለነጭ ልብስ ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት እንጠቀማለን። የቀለሙን ሞለኪውል ስለሚሰብረው ብዙውን ይነቅላል፤ ጥለትንም ሳይመርጥ ይነቅላል። ስለዚህ ባለ ጥለት ልብስ በጠቅላላ አንነክርበትም። ለቤት ስጡን የምትሉንን የማንሰጠው ዱቄቱ ጥቂት እርጥበት ሲነካው ሞቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ነው። የጂንስ ሰማያዊ ሲጋባ ሥራው ይለያል፤ ይህ ኬሚካል የጂንሱን ቀለም ቢያሟሟውም አየር ሲነካው መልሶ ሰማያዊ ይሆናል። ልብሱን ውሃው ውስጥ እንዳለ በሚገባ ማለቅለቅ አለብን፤ ጂንስ የነካው ሸሚዝ ቀን የሚጨምረው ለዚህ ነው።

ልብስ ስትሰጡን ምን ሳሙና እንደተጠቀማችሁ፣ በረኪና ነክቶት እንደሆነ፣ ተተኩሶ እንደሆነ ንገሩን። በረኪና መንካቱን ካላወቅን በላዩ የምንጨምረው ኬሚካል ክሩን ሊያሳሳው ይችላል። በደረሰኙ ላይ «ውጤቱ አይረጋገጥም» ብለን ስንጽፍም ቀለሙ አንድ ጊዜ ደርቋል ማለታችን ነው፤ መሞከራችንን አንተውም።

አዲስ ልብስ ከማሰፋታችሁ በፊት ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥባችሁ ጥለቱ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ተጫኑ። ቀለም ከያዘ ሌላ ጥለት ምረጡ፤ ከወደዳችሁት ደግሞ ጥለቱ ከነጩ ጋር ከመሰፋቱ በፊት ለብቻው አሳጥቡት።

ከአክብሮት ጋር፣
የልብስ ማጠቢያ ቤታችሁ ሠራተኞች፣ አዳማ