እንጀራ በየቋንቋው ስም አለው

ባለፈው እትም ስለ እንጀራ የወጣው ጽሑፍ የምግቡን ስም በአማርኛ ብቻ ሰጥቶ ሌሎቹን «የአካባቢ መጠሪያዎች» ብሎ አልፏቸዋል። ቅር ብሎኛል።

ስሞቹ ብዙ ይናገራሉ። በትግርኛ ጣይታ፣ በአፋን ኦሮሞ ቢዴና ይባላል። ሶማሌዎች አንጄሮ የሚሉት ምግብ አላቸው። ቃሉን ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ከእንጀራ ጋር ያለው መመሳሰል ጆሮ ላይ ይቀራል። ሰሜን ሶማሌ ላይ ግን ስሙ ላሖህ ነው፤ የመንም ውስጥ እንዲሁ። ከየመን ወደ እስራኤል የሄዱ አይሁዶች ላሖህን ከነስሙ ይዘውት ሄደዋል። ዛሬ እዚያ ላሖህም የቤተ እስራኤል እንጀራም ይጋገራል። ይህን ሁሉ መንገድ የሚያሳየን ስሙ ነው።

ጽሑፉ እንጀራን «የኢትዮጵያ ቂጣ» ማለቱም ልክ አይደለም። ቂጣ ሳይቦካ ይጋገራል፣ ይገለበጣል። እንጀራ በእርሾ ይቦካል፣ አብሲት ይጣልበታል፣ የሚበስለውም በአንድ ጎን ብቻ ነው። እናቴ አክምባሎውን ስታነሳ መጀመሪያ የምታየው ዓይኑን ነበር። ዓይን ያላወጣውን ለእንግዳ አታቀርብም። አንጄሮም ላሖህም ዓይን አላቸው፤ ስለዚህ የእንጀራ ዘመድ የሚባሉት እነሱ እንጂ ቂጣ አይደለም።

የምግብ ዓምዳችሁ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ከየምግቡ አሠራር በላይ ስሙን ቢያንስ በሦስት ቋንቋ ያትም። አንባቢዎችም በቤታቸው የሚጠሩበትን ስም ከአጋገሩ ጋር ጽፈው እንዲልኩ ጋብዙ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ