ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፦ ስለ አንድ ኩንታል ዩሪያ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከሰሜን ሸዋ፣ ከባሶና ወራና ነው። የገበሬ ህብረት ስራ ማህበር ሂሳብ ያዥ ነኝ እንጂ የአየር ንብረት ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ድርጅቶች ስለ ካርቦን ልቀታቸው የሚያወጡት ሪፖርት ውስጥ የኔም እጅ ስላለበት ዝም ማለት ከበደኝ።

አምና ገብስ የሚገዛን አንድ ድርጅት በቴሌግራም የኤክሴል ፎርም ላከልኝ፣ የእያንዳንዱ ገበሬ ማዳበሪያ በሄክታር ስንት እንደሆነ፣ በበሬ ነው በትራክተር ያረሰው፣ ምርቱን በምን አጓጓዘ፣ ሁሉም እስከ አርብ ይሞላ ይላል። የመጣልኝ ረቡዕ ከሰአት ነው እንግዲህ። ማን ስንት ኩንታል ዩሪያና ኤንፒኤስ እንደወሰደ ደብተሬ ላይ አለ፣ ደብተሩ ግን የወሰደውን እንጂ የበተነውን አያውቅም። ሐሙስ ጠዋት አንድ አባት ደረሰኝ ሊወስዱ ሲመጡ "አባባ፣ ያቺ ኩንታል ዩሪያ ገብሱ ላይ ነው የገባችው?" አልኳቸው። "ኧረ ልጄ፣ ግማሹ ስንዴው ላይ፣ ሩቡን ለአማቼ አበድሬው ይኸው እስካሁን አልመለሰልኝም፣ የቀረችው ናት ለገብሱ" አሉኝ። ይሄን ደውዬ ለድርጅቱ ልጅ ስነግረው ሳቀና "ወንድሜ አታካብድ፣ ለሁሉም አንድ ቁጥር ሙላው" አለኝ። ሞላሁት። ምን ልዋሽ፣ ሞላሁት።

ከወራት በኋላ ሪፖርታቸው ወጣ። የኛ ማሳ ፎቶ ገጹን ሞልቶት "ከእርሻ እስከ ፋብሪካ የካርቦን ልቀታችንን ቀንሰናል" ይላል። ከየትኛው አመት አንጻር? የለም። የተለካው ስንቱ ነው፣ የተገመተውስ? የለም። ያ እኔ አርብ ማታ መብራት እየጠፋብኝ የሞላሁት ቁጥር ውስጡ እንዳለ ግን እኔ አውቃለሁ።

ለምን ይሄን ያህል አንገበገበህ ትሉኝ ይሆናል። እስቲ ያቺን አንድ ኩንታል ዩሪያ አብረን እናስላት። 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። በአለም አቀፉ መደበኛ ስሌት ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ከአፈሩ ይወጣል፣ ናይትሮጅኑ 0.46 ኪሎ ነው፣ አብሮት ያለው ኦክስጅን ሲጨመር ጋዙ 0.72 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ይሄ ጋዝ በ100 አመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል፣ ስለዚህ ወደ 200 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው፣ ያውም ዩሪያው ፋብሪካ ሲመረት የወጣውንና ከጅቡቲ እስከዚህ ሲኖትራኩ ያቃጠለውን ናፍጣ ሳንጨምር። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ ማንም አያየውም። እንግዲህ የአማችየው ብድር እንኳ ሂሳቡን ያዛባዋል ማለት ነው።

ድርጅቶች የሚያወሩት ስለ ግቢያቸው ነው። የልቀት ሂሳብ ግን ስኮፕ በሚባሉ ሦስት ክፍሎች ነው የሚመደበው። ስኮፕ ዋን የሚባለው ራሳቸው የሚያቃጥሉት ነዳጅ ነው፣ ስኮፕ ቱ የሚገዙት መብራት ነው፣ የኛ አገር መብራት ደግሞ አብዛኛው ከውሃ ስለሆነ እዛ ላይ ሁሉም ሰው ንጹህ ነው፣ ሳይለፋ። ትልቁ ነገር ብዙ ጊዜ ያለው ስኮፕ ስሪ ላይ ነው፣ ጂኤችጂ ፕሮቶኮል የሚባለው አለም አቀፍ የልቀት አቆጣጠር ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 በ15 ምድብ የዘረዘረው፣ የሚገዛው እቃ፣ ጭነቱ፣ ቆሻሻው፣ እቃው ከተሸጠ በኋላ ያለው ሁሉ። እዚሁ እኛ ዞን ለሚ ላይ ሲሚንቶ ይመረታል፣ ሲሚንቶ ደግሞ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ስለሚለቅ ምድጃው በምንም ቢነድ አይቀርለትም፣ እና በዛ ሲሚንቶ ህንጻ የሚሰራ ኮንትራክተር ይሄንን ስኮፕ ስሪ ላይ ካልጻፈ ምን ሊጽፍ ነው?

ስለዚህ የምለምናችሁ መመሪያ አውጡ ነው። አንድ ድርጅት ልቀቴ ይሄ ነው ብሎ ለህዝብ ካወጣ፣ ከ15ቱ የትኛውን እንደቆጠረና የትኛውን ለምን እንደዘለለ ይጻፍ። መነሻ አመቱ ይታወቅ፣ የአሰላል ዘዴ ሲቀይርም የድሮውን መልሶ ያስላ፣ አለበለዚያ ዘዴ እየቀየሩ መቀነስ ቀላል ነው። ጠቅላላውም በአንድ ኩንታል ገብስ የሚደርሰውም ጎን ለጎን ይውጣ፣ ምክንያቱም ውርጭ መቶን ገብስ ባልሸጥንላቸው አመት ልቀታቸው ይቀንሳል፣ ያንን እንደ ጀብዱ ሲያወሩት መስማት አልፈልግም። መገመት ምንም ነውር የለውም፣ ይገምቱ፣ ግን ግምት ነው ብለው ይጻፉት። ደግሞ የችግኙ ነገር። ክረምት ላይ ችግኝ ተክለው ፎቶ ይነሱና ካርቦኑን ከልቀታቸው ላይ ይቀንሱታል፣ የጸደቀው ስንት እንደሆነ በበጋ ማን ሄዶ ይቆጥራል? ፕሮቶኮሉ ራሱ እንዲህ ያለው ማካካሻ ለብቻው ይጻፍ ነው የሚለው።

አረጋጋጩም ከድርጅቱ ውጭ የሆነ ሰው ይሁን፣ ቢሮ ቁጭ ብሎ ኤክሴል የሚያይ ብቻ ሳይሆን ማሳ ድረስ የሚወርድ። ለዚህ ከሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርዱ ጋር ብትቀመጡ ጥሩ ነው፣ አይኤፍአርኤስ ኤስ 2 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አለም አቀፍ የአየር ንብረት ሪፖርት መስፈርት ስኮፕ ስሪን ይጠይቃል፣ ለመጀመሪያው አመት ብቻ እፎይታ ሰጥቶ። አውሮፓማ ከውጭ በሚገባ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ላይ እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ የካርቦን ቀረጥ ዘመኑን አስጀምሯል፣ የራሱን የተለካ ልቀት የሚያቀርብም ማስረጋገጥ አለበት፣ እኛም ተገደን እስክንጠየቅ አንጠብቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለኛ ለሞላነው ሰዎች ኮፒው አልተመለሰልንም። ገበሬው ስለ ራሱ ማሳ ምን እንደተጻፈ አያውቅም፣ ተሳስቷል ብሎ የሚያርምበትም መንገድ የለም። መመሪያው ውስጥ ይሄም ይግባልን። መረጃ መሰብሰቡም ወጪ አለው፣ የኔ የሁለት ሌሊት ስራ ነበር፣ የጠየቀው ይክፈል።

ትክክለኛውን ቁጥር የምትፈልጉ ከሆነ ዘንድሮ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብዬ በእርሳስ አንድ ደብተር ጀምሬያለሁ፣ ዩሪያው ገብስ ላይ፣ ስንዴ ላይ፣ አማች ጋር እያልኩ። አጨዳው ህዳር ላይ ስለሚጀምር ከዛ በፊት ጥቅምት ውስጥ ሰው ላኩ፣ ጃኬት ይዞ ይምጣ፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ።