ሽያጩ የቆመ ሶፍትዌር ሲቀዳ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

አምራቹ መሸጥም መደገፍም ያቆመውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሳይከፍሉ መቅዳት ዓይን ያወጣ ስርቆት ነው የሚል አስተያየት በዚህ ዓምድ አንብበናል። በጎንደር ፒያሳ ወደ አንዱ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ጎራ ብሎ “ዊንዶውስ ጫንልኝ፣ የአማርኛ መጻፊያም አትርሳ” ያለ ሁሉ ሌባ ከተባለ፣ ከማመልከቻ ጸሐፊ እስከ እድር ጸሐፊ የሚተርፍ ሰው የለም። “ድርጅቱ ራሱ ጥሎታል፣ ማን ይጠይቀኛል?” የሚለው የሻጮች መልስ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የገዙትን ፕሮግራም መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ፣ የራስን አሮጌ ሰነድ ለማንበብ መቅዳትና ቀድቶ መሸጥ የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ ክርክሩ የሚደፈርሰው ሦስቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ነው።

ሕጉን እናስቀድም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ስርቆት የሚባለው የማይገባ ብልጽግና ለማግኘት አስቦ የሌላውን ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረት መውሰድ ነው። ፕሮግራም ሲቀዳ ከባለቤቱ እጅ የሚወጣ ዕቃ የለም፤ የሚነካው የመቅዳት መብቱ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1985 በዳውሊንግ ጉዳይ፣ ያለ ፈቃድ የተባዙ የሙዚቃ ሸክላዎች በዚያ አገር የተሰረቀ ንብረት ሕግ “የተሰረቁ” አይባሉም፣ ጉዳዩ የቅጂ መብት ነው ብሏል። በዚህ ደስ የሚለው ካለ ግን ቀጥሎ ያለውን ያንብብ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ፣ አንቀጽ 36 ሆን ብሎ መብቱን ለጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት፣ በከባድ ቸልተኝነት ለጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት ነበር ያስቀመጠው። ስሙ ስርቆት ስላልሆነ ነገሩ አልቀለለም። ሽያጭ መቆሙም የመብቱን ዕድሜ አያሳጥርም፤ ጥበቃው ሠሪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። በዚህ ስሌት በዊንዶውስ 95 ዘመን ከተጻፉት ፕሮግራሞች ውስጥ ዕድሜ ጠግቦ ነጻ የወጣ የለም።

የውጭ አገር ፕሮግራም ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። የአዋጁ አንቀጽ 3 የሚጠብቀው ዜግነቱ ወይም ዋና መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነን ሰው ሥራ፣ መጀመሪያ እዚህ የታተመን፣ ወይም ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመን ሥራ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ጥበቃ የሚያገኘው ኢትዮጵያ በተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች በኩል ነው። ስለዚህ እዚሁ አገር የተሠራው የአማርኛ መጻፊያ ከማንኛውም የውጭ ሶፍትዌር ይልቅ በግልጽ የተጠበቀ ነው። የሚገርመው፣ ሰው ኦርጅናል መሆን አለመሆኑን የሚጠይቀው ስለ ውጭው ነው፤ የአገር ልጅ የሠራው በፍላሽ ሲዞር ማንም አይደንቀውም።

ጎንደር መጽሐፍ መገልበጥ የሚያስከብርበት አገር ነው፤ ይህንንም እንደ መከራከሪያ የሚያነሱ አሉ። ቁም ጸሐፊው የሚጽፈው ከሌላ መጽሐፍ እያየ ነው፤ በመጽሐፉ ላይ የሚሰፍረው ግዝትም “ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ” እያለ የሚያወግዘው የሰረቀውንና የፋቀውን ነው፣ የገለበጠውን አይደለም። እውነት ነው። ግን ያስጻፈው ሰው ለብራናውም ለጸሐፊው ድካምም ይከፍል ነበር፤ ተከራካሪዎቹ ይህቺን ይዘሏታል።

ኦርጅናል ዲስክ የገዛ ሰው መጠባበቂያ ለመያዝ ማንንም አይለምንም። አንቀጽ 14 ዋናው ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ የሚተካ አንድ ቅጂ ይፈቅድለታል፤ ዋናውን የመያዝ መብቱ ሲያበቃ ቅጂውም መጥፋት አለበት፣ ዲስኩን ሸጦ ቅጂውን ማስቀረት አይቻልም። ሲዲውን ፋይል በፋይል መገልበጥ አይበቃም፤ የዲስኩ ስምና የማስነሻው ክፍል ይቀራሉ፣ አንዳንድ መጫኛም ዲስኩን በስሙ ስለሚፈልገው “ሲዲውን አስገባ” እያለ ይቆማል። ሙሉውን ዲስክ እንዳለ በአንድ ፋይል በሚያስቀምጥ በአይኤስኦ ምስል ማውጣት ነው የሚሻለው። ከዚያ በዊንዶውስ ውስጥ ባለው ሰርቲዩቲል ትዕዛዝ የምስሉን ኤስኤችኤ-256 አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ፣ አስልቶ ከጎኑ በጽሑፍ ማስቀመጥ፤ ሌላ ጊዜ ሲሰላ አንድ ምልክት ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል። የሲሪያል ቁጥሩ፣ ደረሰኙና የፈቃድ ወረቀቱ ፎቶ ተነሥተው አብረው ይቀመጡ፤ ማስቀመጫው ፍላሽ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ ይሁን፣ ከቢሮው ውጭም ቢያድር ይመረጣል። ከማሽን ጋር የመጣና ተለጣፊ ያለበት ዊንዶውስ ግን ፈቃዱ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው፤ ተለጣፊውን ልጦ ሌላ ላይ መለጠፍ ፈቃድ አያዛውርም።

ብዙ ያልተነገረለት የአሮጌው ሰነድ ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው፤ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች በአንድ ፎንት የነበራቸው 256 ባለ ቁጥር ቦታ ብቻ ነበር፣ ፊደላችን ደግሞ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። አንዱ ፊደሉን ለበርካታ ፎንቶች አከፋፈለ፣ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለየብቻ አድርጎ ሲጻፍ አገጣጠመ፣ የአንዱ አቀማመጥም ከሌላው አይገጥምም። በዚያ ዘመን የተተየበ የክስ ማመልከቻ፣ የደብር መዝገብ ወይም የእድር ቃለ ጉባኤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ባለ16 ቢት ከሆነ በባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጨርሶ አይነሳም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ64 ቢት ብቻ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ማሽን የሚቀይር መሥሪያ ቤት አሮጌውን ከመጣሉ በፊት በውስጡ ያለውን ይፈትሽ።

የከፋው ጥፋት የሚደርሰው በቅን ልቦና ነው። ሰነዱን ከፍቶ ዝብርቅርቅ ሲያይ ሁሉንም መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ ይቀይራል፣ አልሆን ሲለው ሴቭ አድርጎ ይዘጋዋል። ፊደሉ በበርካታ ፎንቶች ተከፋፍሎ ከነበረ እያንዳንዱ ምልክት ከየትኛው ፎንት እንደመጣ የሚናገረው መረጃ በዚያች ሴቭ ጠፋ፤ አንዱ ቁጥር በአንደኛው ፎንት “በ”፣ በሌላው “ጸ” ሊሆን ስለሚችል ምንም መቀየሪያ መልሶ አያገኘውም። ስለዚህ ዋናው ፋይል አይነካ፤ ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። መጀመሪያ በሰነዱ ውስጥ ያሉ የፎንት ስሞች ይመዝገቡ፣ ከዚያ ፎንት በፎንት ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። የፎንት ስም የማያይ መቀየሪያ በመካከል ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላትና የኢሜይል አድራሻዎች ጭምር ወደ አማርኛ ያዞራቸዋል። ሁለት ነጥብ ተደጋግሞ እንደ አራት ነጥብ የተተየበበት ቦታ ሁሉ በመጨረሻ መስተካከል አለበት፣ አለዚያ በአራት ነጥብ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ከመቀየሩ በፊት በአሮጌው ፕሮግራም በወረቀት የታተመ ወይም ፎንቱን ያቀፈ ፒዲኤፍ ለማመሳከሪያ ያስፈልጋል። ፒዲኤፉ ለዓይን ደህና ቢመስልም ጽሑፉ ተቀድቶ ሲለጠፍ ያው ዝብርቅርቅ ነው፤ ምስክር ነው እንጂ ምትክ አይደለም።

አሮጌውን ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ማስነሳት ካስፈለገ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር፣ ይበቃል። ለዊንዶውስ ኤክስፒ 512 ሜጋባይት ራምና 10 ጊጋባይት ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። የኔትወርክ ካርዱ ግን ገና ሳይጫን ይነቀል፤ የኤክስፒ ድጋፍ ያበቃው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያናወጠው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይም የገባው በአሮጌው የፋይል መጋሪያ ቀዳዳ ነበር።

ፕሮግራሙን ያልገዛ ሰው የራሱን ሰነድ ለማንበብ ከጎረቤት ቢቀዳስ? በአዋጁ ፊደል ጥሰት ነው፤ የግል መገልገያ ቅጂ የሚፈቅደው አንቀጽ 9 ለኮምፒውተር ፕሮግራም አይሠራም። በእኛ እምነት ግን የሚሸጥለት በሌለበት፣ ሰነዱን አንብቦና ቀይሮ ፕሮግራሙን የሚያጠፋ ሰው ወንጀለኛ ሊባል አይገባም። ሠሪውን በደብዳቤ መጠየቅ አለበት፤ መልስ ባያገኝም ደብዳቤው ቅን ልቦናውን ያሳያል።

የሒሳብ ፕሮግራም ላይ አጭር ቃል። ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ሆኖ እያለ በአሮጌው እትም የሚሠራ ነጋዴ ብዙ ነው። የፋይል ስሙ በፒቲቢ የሚያልቀው ባክአፕ በሌላ የሒሳብ ፕሮግራም በቀጥታ አይነበብም። ማሽኑ እየሠራ ሳለ የሒሳብ መደቡ፣ የደንበኞች ዝርዝርና ጠቅላላ መዝገቡ በሲኤስቪ፣ ማለትም በተራ የሠንጠረዥ ጽሑፍ፣ ይውጣ፤ ከወጣ በኋላ የትም ይነበባል። ልክፈል ላለ ነጋዴም የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እዚህ እንደ ልብ እንደማይገኝ የሚካድ አይደለም።

ቀድቶ መሸጥ ላይ ግን አንራራም። እዚያ ገንዘብ አለ፤ ገንዘቡም ለሠሪው አይደርስም። የፈቃድ ጥያቄውን የሚያስቀረው ክራክ ሲጫን “አንቲቫይረሱን አጥፋ” የሚል መመሪያ ይዞ ይመጣል፤ ያጠፋ ሰው በማግስቱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቢያገኛቸው አይደነቅ። ጥገና ቤት ሊያስከፍል የሚገባው ፎርማት ያደረገበትን፣ ዳታ ያወጣበትንና ሰነድ የቀየረበትን ድካም ነው፤ ደረሰኙም ላይ ይህንኑ ይጻፍ፣ የፕሮግራም ዋጋ የሚል መስመር አይኑር። ለአዲስ ሥራማ የተቀዳ ነገር ምን ያደርጋል? ለጽሑፍ ሥራ ሊብረኦፊስ፣ ለአማርኛ መተየቢያ ኪይማን፣ አቢሲኒካና ኖቶ ፎንቶች በነጻና በፈቃድ ይገኛሉ።

መሸጥ ማቆምና ለሕዝብ መልቀቅ የተለያዩ ናቸው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ፎቶሾፕን የያዘውን የሲኤስ2 ጥቅል ፈቃድ የሚያረጋግጠውን አክቲቬሽን ሰርቨር ሲዘጋ አክቲቬሽን የማይጠይቅ እትም ከነሲሪያሉ ድረ ገጹ ላይ አኖረ፤ ዓለም “በነጻ ተሰጠ” ብሎ ሲያወርድ ድርጅቱ ይህ ቀድሞ ለገዙት ብቻ ነው አለ። ማይክሮሶፍት ግን ከዊንዶውስ በፊት የነበረውን የኤምኤስ-ዶስ 1.25ንና 2.0ን ምንጭ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2018፣ የ4.0ን ደግሞ በ2024 ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው በሚፈቅደው በኤምአይቲ ፈቃድ ለቀቀው። ልዩነቱ በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ መኖሩ ነው።

የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎችን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። አዲሱን እትም መሸጥ ይቀጥሉ። የአሮጌውን ፎንትና የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ግን ሰነድ ለማንበብና ለመቀየር የሚል ፈቃድ ጽፈው ይልቀቁት፤ ፕሮግራሙ ራሱ ባይለቀቅ እንኳ ሠንጠረዡ ብቻ መቀየሪያ ለመሥራት ይበቃል። ጥያቄውን በደብዳቤ የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት የፕሮግራሙን ስምና እትም፣ በሰነዶቹ ውስጥ ያሉትን ፎንቶች ሙሉ ስም፣ የፋይሎቹን ብዛትና ዋና ዲስክ ካለው ሲሪያል ቁጥሩን ይጥቀስ፤ ሁለትና ሦስት ገጽ ናሙና ከነወረቀት ሕትመቱ ያያይዝ።

በኮምፒውተር ጥገና ሥራ ላይ የተሰማሩ አንባቢዎች
ጎንደር