የተሻረ ፓውንድ በሲሶ ዋጋ አትሽጡ

ክቡር አዘጋጅ፦

በምታወጡት የምንዛሪ ሠንጠረዥ ላይ የፓውንድ መግዣና መሸጫ ሁልጊዜ ይሰፍራል። ከሥሩ አንድ መስመር እንድትጨምሩልን ለመጠየቅ ነው የምጽፍላችሁ፦ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው የእንግሊዝ ባንክ ያሳተመው ፓውንድ ከገበያ ቢወጣም ዋጋውን አያጣም፤ ባንኩ ራሱ ዛሬም በሙሉ ዋጋው ይቀይረዋል።

ለዚህ ያነሣሣኝ ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ለዘመድ ጥየቃ በሄድኩ ጊዜ ያየሁት ነው። አክስቴ ጎረቤቷን ይዛ መጣች። እኚህ እናት ልጃቸው ከእንግሊዝ በመጣች ቁጥር ሸጎጥ የምታደርግላቸውን ገንዘብ በባንክ ደብተራቸው መሐል አጣጥፈው ለክፉ ቀን አስቀምጠውታል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝ ምስል ያለባቸው ሐምራዊ ሃያዎች፣ እንዲሁም ደራሲው ዲከንስ ያለባቸው፣ ዛሬ ለንደን ውስጥ ወጣቱ እንኳ የማያውቃቸው ቡናማ አሥሮች ነበሩ። ባንክ ወስደዋቸው «ይሄ አይሠራም» ተብለው ተመልሰዋል። ቀጥሎ አንድ ደላላ «የሞተ ገንዘብ ነው፤ ለማስታወሻ ያህል በሲሶ ልውሰድልዎት» ብሏቸዋል። ለማስታወሻ የሚፈልግ ሰው ጥቅል ሃያ ፓውንድ ምን ያደርግለታል? እሳቸው ግን ሊሰጡት ተቃርበው ነበር፤ «ልጄ፣ ከተቃጠለ ወረቀት ሲሶውም ሲሳይ ነው» አሉኝ።

አልፈርድባቸውም። እኛ የምናውቀው የገንዘብ ለውጥ ቀን የተቆረጠለት ነው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. የጃንሆይን ብር ሲቀይር ያየ፣ ኋላም መስከረም 2013 ላይ ባለ አሥሩ፣ ባለ ሃምሳውና ባለ መቶው ሲለወጥ በባንክ ደጃፍ የተሰለፈ ሰው፣ ቀኑ ካለፈ ወረቀቱ ወረቀት ብቻ መሆኑን በሚገባ ያውቃል። የሦስት ወሩ ጊዜ ካለፈ በኋላ ከፍራሽ ሥር አሮጌ ብር የተገኘበት ቤት ስንት ነው! ስለዚህ «ፓውንዱ ተሽሯል» ሲባል በዚያው ልክ ተስፋ ይቆርጣል፤ ደላላውም የሚነግደው በዚህ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ግን «ከገበያ ወጣ» ማለት ሱቅ አይቀበለውም ማለት ብቻ ነው። የወረቀቱ አምስት ፓውንድ በፈረንጆቹ ግንቦት 2017፣ ዳርዊን ያለበት አሥሩ መጋቢት 2018፣ የወረቀቱ ሃያና ሃምሳ ደግሞ መስከረም 30 ቀን 2022 ከገበያ ወጡ። በዚያ ሰሞን ለንደን ትሬድኒድል ጎዳና ባለው የባንኩ ሕንፃ ዙሪያ የተሰለፈው ሕዝብ ብዛት ለጉድ ነበር፤ ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ የሚቃጠል የመሰለው እንግሊዛዊም ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ቀኑ አለፈ፣ ገንዘቡ ግን አልተቃጠለም። ባንኩ ላሳተመው እውነተኛ ኖት ሁሉ የጊዜ ገደብ ሳያበጅ ይከፍላል። በ1988 ከገበያ የወጣው፣ ኒውተን ያለበት ባለ አንድ ፓውንድ ወረቀት እንኳ ዛሬም አንድ ፓውንድ ነው።

እንዴት ይቀየራል ለሚለው፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ለምንኖረው ቀላል ነው። የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው አንዳንድ ባንኮች ሒሳቡ ውስጥ ያስገቡለታል። የተመረጡ ፖስታ ቤቶችም መታወቂያ አይተው በሁለት ዓመት ውስጥ እስከ 300 ፓውንድ ይቀይራሉ። ከዚያ የበዛ ከሆነ በአካል እንግሊዝ ባንክ መሄድ ወይም ቅጽ ሞልቶ በፖስታ መላክ ነው። መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይዞ መቅረብ ይሻላል፤ ገንዘቡ ጠርቀም ካለ ከየት እንደመጣ ሊጠየቅም ይችላል። በፖስታ የተላከ ኖት መንገድ ላይ ቢጠፋ ጉዳቱ የላኪው ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ በፖስታ ላኩ ብዬ አልመክርም። እዚህ የሚኖር የሚታመን ዘመድ ሲመጣ መስጠቱ ይሻላል። ያም ቢሆን የተሻረው ኖት የውጭ ምንዛሪ መሆኑ አልቀረም፤ ይዞ ለመውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ጉምሩክን መጠየቅ ነው፤ አለዚያ ለአክስት የተዋለ ውለታ ቦሌ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ስኮትላንድ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚልኩት ኖት ለብቻው ነው የሚታየው። እዚያ ኖት የሚያሳትሙት የንግድ ባንኮች ናቸው፤ የቆየው የሚቀየረው ባሳተመው ባንክ እንጂ በእንግሊዝ ባንክ አይደለም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የማን ባንክ ስም እንደተጻፈበት አንብቡ።

ሳንቲም ላይ ግን አጉል ተስፋ አልሰጥም። እንግሊዝ ባንክ ሳንቲም አይነካም። ድቡልቡሉ አንድ ፓውንድ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2017 ከገበያ ወጥቷል፤ ከሠላሳው አንዱ ያህል ሐሰተኛ ሆኖ በመገኘቱ ነው ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘኑ የተተካው። ድቡልቡሉን እዚህ ሒሳብ ያለው ሰው ባንኩ ከተቀበለለት ሊያስገባው ይችላል፤ አዲስ አበባ በቆርቆሮ ሞልቶ ያስቀመጠው ግን የሻንጣ ኪሎ ከመፍጀት አያልፍም። ከ1971 በፊት የነበሩትን ሽልንግና ትልልቅ ፔኒዎች የሚፈልጋቸው ሰብሳቢ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹም ብርቅ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ዛሬ መጻፌ አለምክንያት አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መቶ ፓውንድ ከአሥር ሺህ ብር በላይ ነው። በየመሳቢያው የተረሱ አምስት ሃያዎች ለአንድ ጡረተኛ ቤት ምን ማለት እንደሆኑ አንባቢ ያውቃል። በሲሶ የሚገዛው ሰውም ያውቃል፤ ለንደን ወዳጅ አለው፣ ሙሉውን ይቀበላል።

ለእኛ ለውጭ ነዋሪዎችም አንድ ነገር ልበል። የአገር ቤት ሰው የእንግሊዝን ገንዘብ ዜና አይከታተልም፤ የምንከታተለው እኛ ነን። ትናንት በስጦታ የሰጠነው ወረቀት ሲሻር ደውለን «እማዬ፣ ያቺ ገንዘብ አለች?» ማለት የእኛ ድርሻ ነው። አብዛኞቻችን አላልንም። የአክስቴ ጎረቤት ልጅም ስደውልላት እናቷ ገንዘቡን በልተውታል ብላ ነበር የምታስበው።

አሁን ደግሞ አዲስ ውዥንብር እየመጣ ነው። በፈረንጆቹ ከሰኔ 2024 ጀምሮ የንጉሥ ቻርልስ ምስል ያለበት ኖት ገበያ ላይ ውሏል፤ «የንግሥቲቱ አይሠራም» እያሉ ዋጋ የሚቀንሱ ዘርዛሪዎች እንዳሉ ከወዲሁ እየሰማሁ ነው። ሐሰት ነው። ንግሥት ኤልሣቤጥ ያሉባቸው የፕላስቲክ ኖቶች፣ ቸርችል ያለበት አምስት፣ ኦስተን ያለችበት አሥር፣ ተርነር ያለበት ሃያና ቱሪንግ ያለበት ሃምሳ፣ ከንጉሡ ጎን ለጎን በየሱቁ ይሠራሉ፤ መቀየርም አያስፈልጋቸውም። ቦታ ከተረፋችሁ ይህንንም ከሠንጠረዡ ሥር ጨምሩልኝ።

አክባሪያችሁ፣
ከለንደን